ያጨበጨብንለት ጥይት፦ በሃይንሪኽ ቦል «የካታሪና ብሉም የጠፋ ክብር» ላይ የቀረበ ሒስ

ባለፈው ወር በንባብ ክበባችን የሃይንሪኽ ቦልን አጭር ልቦለድ ተራ በተራ ጮክ ብለን ስናነብ ከርመን ወደ ማለቂያው ደረስን። ካታሪና ጋዜጠኛውን በጥይት ስትመታው ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ «እሰይ! የእጁን አገኘ!» አለ። እውነቱን ለመናገር እኛም አጨብጭበናል። ያላጨበጨበች አንዲት የታሪክ ተማሪ ብቻ ነበረች። እሷም ክርክር አላነሣችም፤ ጫጫታው ሲበርድ «ቆይ፣ በማግሥቱ ጋዜጣው ስንት ተሸጠ?» ብላ ጠየቀች። ሣቅንባትና አለፍን። ማታ መኝታችን ላይ ግን ጥያቄዋ አላስተኛን አለ።

ይህ ሒስ የመጣው ከዚያ ነው። ስለ መጽሐፉ ብቻ ሳይሆን ስለ ጭብጨባችንም ጭምር ነው። ጥይቱ የተተኮሰው በዘውድ ወይም በወታደር አገዛዝ ሥር አይደለም፤ ምርጫ ባለበት፣ ፍርድ ቤት ባለበት፣ ጋዜጣ እንደ ልቡ በሚጽፍበት አገር ነው። አምባገነን ባለበት አገር ክርክሩ ሌላ ነው፤ መውጫው ሁሉ ሲታሸግ ሰው ግድግዳ ያፈርሳል፤ ማን ይፈርድበታል? በር ባለበት ቤትስ ግድግዳ ማፍረስ ይገባል ወይ? ነገሩ ይኸው ነው።

መጽሐፉን ላላነበበ ባጭሩ እንበል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያለው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።) ጊዜው ፌብሩዋሪ 1974፣ ቦታው ምዕራብ ጀርመን፣ ሰሞኑም ጾም ከመያዙ በፊት የሚጨፈርበት ሰሞን ነው። ካታሪና ብሉም የ27 ዓመት ወጣት ናት፤ የሰው ቤት በማስተዳደር የምትኖር፣ ቁጥብ፣ በላቧና በብድር አንዲት አፓርታማ የገዛች። ረቡዕ ማታ በአንድ ግብዣ ላይ ሉድቪግ ጎተን ከሚባል ሰው ጋር ስትጨፍር ታመሽና ይዛው ቤቷ ትገባለች። ሐሙስ ጧት ፖሊስ መሣሪያ ደግኖ ሲገባ ሰውየው የለም። ለካ የሚፈለግ ሰው ኖሯል። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ «ጋዜጣው» ይይዛታል። ቦል ሌላ ስም አልሰጠውም፤ «ጋዜጣው» ብቻ። በአራት ቀን ውስጥ የወንበዴ ፍቅረኛ፣ የኮሚኒስት ልጅ፣ እናቷን የጣለች ጨካኝ ትሆናለች። እሑድ ዕለት የጋዜጣውን ዘጋቢ ቨርነር ቴትገስን ቤቷ ቀጥራ ትገድለዋለች።

ይህን ሁሉ ደራሲው ገና በመጀመሪያዎቹ ገጾች ይነግረናል። ማን ሞተ፣ ማን ገደለ ብሎ የሚያንጠለጥለን ነገር የለም። ስለዚህ እኛ ያጨበጨብነው ድንገት ደንግጠን አይደለም፤ ከመነሻው እያወቅን፣ እየጠበቅን፣ እየተራብን ቆይተን ነው። ይህንን ልብ ማለት ይገባል።

በእኛ አስተያየት የመጽሐፉ ብርታት ከጥይቱ ይልቅ በቃላቱ ላይ ነው። ካታሪና ቃሏን ስትሰጥ ከመርማሪዎቹ ጋር አጥብቃ የምትከራከረው ስለ ወንጀሉ ሳይሆን ስለ ቃል አመራረጥ ነው። በምትሠራበት ቤት የሚጋበዙ አንዳንድ ትልልቅ ሰዎች ያስቸግሯት ነበር። ጽሑፉን የሚያዘጋጁት ሰዎች በፍቅር ይቀርቧት ነበር የሚል ዓይነት ለስላሳ ቃል ያሰፍራሉ። እሷ ደግሞ «የለም፣ ይዳፈሩኝ ነበር በሉ» ባይ ናት። ፍቅር ከሁለት ወገን ነው፤ ድፍረት ግን ከአንድ ወገን። ቃሉ ካልተስተካከለ አልፈርምም ብላ ድርቅ ትላለች። መርማሪዎቹ ይሰለቻሉ። እንዴ! በአንዲት ቃል ይህን ያህል?

ለአንዲት ቃል ይህን ያህል የምትጠነቀቅ ሴት እጅ ላይ እንግዲህ ጋዜጣው ይወድቃል። አሠሪዋ ጠበቃ ብሎርና ስለ ጠባይዋ ሲጠየቅ ብልህና ረጋ ያለች ናት ይላል፤ በማግሥቱ በረዶ የሆነ ልብ ያላት፣ ሁሉን በስሌት የምትሠራ ሆና ትወጣለች። ሆስፒታል የተኛችው እናቷ ዘንድ ቴትገስ ቀለም ቀቢ መስሎ ይገባል። እናትየዋ ይህ ነገር ለምን እንዲህ ሆነ ብላ ትጠይቃለች፤ እሱ ግን እንዲህ መሆኑ አይቀርም ነበር ያለች አስመስሎ ያትመዋል። የጥያቄ ምልክቱን ማንሣት ብቻ! ሲጠየቅም ያልተማሩ ሰዎች ሐሳባቸውን እንዲገልጹ መርዳት ሙያዬ ነው ይላል። እናትየዋ ብዙ ሳትቆይ ትሞታለች።

በእኛ ቋንቋ ይህ ሥራ «ስም ማጥፋት» ነው፤ ስም ከመቃብር በላይ ይውላል በሚባልበት አገር ክብደቱን ማስረዳት አያሻንም። ርእሱን ወደ አማርኛ ስንመልስ የተከራከርነውም በዚሁ ነው። «የጠፋ ክብር» ስንል እንደ ጠፋ በግ የሚፈለግ፣ ምናልባትም የሚገኝ ነው? ወይስ እንደ ጠፋ እሳት? አማርኛችን ለሁለቱም «ጠፋ» ይላል። ካታሪና እስከ ቅዳሜ ድረስ እንደ በጉ ነበር የምትፈልገው። መቼም ይህን ስናነብ የራሳችንን ዘመን አለማሰብ አንችልም፤ ዛሬ ቴትገስን ለመሆን የጋዜጠኛ መታወቂያ አያስፈልግም፤ ስልክ ይበቃል።

የመጽሐፉ ንዑስ ርእስም የሚናገረው «ጌቫልት» የተባለው ነገር እንዴት እንደሚፈጠርና ወዴት ሊያደርስ እንደሚችል ነው። ይህ የጀርመንኛ ቃል ወንበዴ የሚፈጽመውንም፣ መንግሥት የያዘውንም ይጠራል። የ1949ኙ የምዕራብ ጀርመን መሠረታዊ ሕግ በ20ኛው አንቀጽ የመንግሥት «ጌቫልት» ሁሉ ከሕዝብ እንደሚመነጭ ሲደነግግ የተጠቀመው በዚሁ ቃል ነው። በአማርኛ «ኃይል» ብንለው ይቀርበዋል። «ዓመፅ» ካልነው ግን ጥፋቱን ሁሉ ከታች ባለው ሰው ላይ እንጭናለን፤ በዕለት ንግግራችን ሕዝብ ዐመፀ እንጂ መንግሥት ዐመፀ ወይም ጋዜጣ ዐመፀ አይባልምና። የቦል ክስ ደግሞ ጋዜጣው ቀድሞ ተኮሰ ነው።

ቦል ይህን ከሜዳ አላነሣውም። ጁን 2 ቀን 1967 የኢራን ሻህ ምዕራብ በርሊንን ሲጎበኙ በተደረገው የተቃውሞ ሰልፍ ላይ ቤኖ ኦኔዞርግ የተባለ መሣሪያ ያልያዘ ተማሪ፣ ካርል ሃይንስ ኩራስ በተባለ ፖሊስ በጥይት ተገደለ። ፍርድ ቤቱ ፖሊሱን በዚያው ዓመት በነፃ አሰናበተው፤ ጉዳዩ እንደገና ታይቶ በ1970ም ነፃ ወጣ። በኤፕሪል 1968 ደግሞ የተማሪዎቹ መሪ ሩዲ ዱችከ በርሊን መንገድ ላይ ራሱን በጥይት ተመታ፤ ለጊዜው ቢተርፍም በ1979 የሞተው በዚያው ጉዳት ጠንቅ ነው። ተማሪዎቹ የከሰሱት ተኳሹን ብቻ አልነበረም፤ ወር ከዓመት ሲያንቋሽሻቸው የኖረውን የአክስል ሽፕሪንገር ኩባንያን፣ ከጋዜጦቹም በተለይ «ቢልድ»ን ነው። በፋሲካው ሰሞን ጋዜጣ የሚጭኑ መኪኖች እንዳይወጡ በብዙ ከተሞች መንገድ ዘጉ። በርሊን ውስጥ መኪኖች ነደዱ። ሙኒክ ውስጥ በግርግሩ ጭንቅላታቸውን የተመቱ ሁለት ሰዎች ሞቱ፦ አንድ ፎቶግራፍ አንሺና አንድ ተማሪ።

በዚያን ጊዜ የታወቀች የመጽሔት ጸሐፊ የነበረችው ኡልሪከ ማይንሆፍ በቀጣዩ ወር ከተቃውሞ ወደ ትግል መሻገር እንደሚገባ የሚያመለክት ጽሑፍ አወጣች። በ1970 እስረኛውን አንድሬያስ ባደርን በማስመለጥ ተካፍላ ራሷ ኅቡዕ ገባች። ራሱን ቀይ ጦር ብሎ የጠራው ቡድን በሜይ 1972 በተለያዩ ከተሞች ቦምብ አፈነዳ፤ አንዱ ሃምቡርግ በሚገኘው በሽፕሪንገር ሕንፃ ውስጥ ነበር። የቆሰሉት እነማን ናቸው? ጌታው ሽፕሪንገር አይደሉም፤ ደመወዛቸውን ጠብቀው የሚያድሩ ሠራተኞች ናቸው።

ከዚያ ቀደም ብሎ በዲሴምበር 1971 በካይዘርስላውተርን ከተማ ባንክ ተዘርፎ አንድ ፖሊስ ተገድሎ ነበር። ማስረጃው ገና ሳይጣራ «ቢልድ» የእነ ባደርና ማይንሆፍ ሥራ ነው ብሎ በትልቁ አወጣ። ቦል በጃንዋሪ 1972 «ደር ሽፒገል» መጽሔት ላይ ጋዜጣውን አወገዘ። ቡድኑን ግን አልደገፈም፤ የእነሱ ጦርነት የስድስት ሰው ከስድሳ ሚሊዮን ሕዝብ ጋር ነው ብሎ እብደቱን አሳይቷል። የሆነ ሆኖ የአሸባሪ ጠበቃ ተባለ፤ በጁን 1972 ፖሊስ ቤቱን ፈተሸ። በዚያው ዓመት የኖቤል ሽልማት ተሰጠው፤ በሁለት ዓመቱ ካታሪናን አወጣ። ደግሞ ሐቁን እንዳንደብቅ፦ ዘረፋው የቡድኑ ሥራ መሆኑ በኋላ ተረጋግጧል። ጋዜጣው የገመተው ልክ ሆነ ማለት ነው። ቢሆንም ገምቶ ማግኘትና ዐውቆ መናገር ለየቅል ነው፤ ካታሪናን የበላት ይኸው ልዩነት ነው።

አሁን ወደ በሩ እንመለስ። ክበባችን ሳይወያይበት የዘለለው አንድ ትዕይንት አለ። ካታሪና በምርመራው መካከል ጋዜጣውን ከቦርሳዋ አውጥታ፣ መንግሥት ከዚህ ቆሻሻ ሊጠብቀኝ፣ ክብሬንም ሊመልስልኝ አይችልም ወይ ብላ ትጠይቃለች። የምታገኘው መልስ ጨዋ ነው፦ የፕሬስ ነፃነት በቀላሉ የሚነካ ነገር አይደለም፤ በግልሽ ክስ ማቅረብ ትችያለሽ። ማንም አልዋሻትም። ሕጉ እንዲሁ ነው። ሌሎች ጋዜጦች ነገሩን በቁጥብነት የዘገቡበትን ቁራጭ ሲያሳዩአት ደግሞ፣ ይህን ማን ያነባል፣ የማውቀው ሰው ሁሉ የሚያነበው ጋዜጣውን ነው ትላለች።

በዚህ ትዕይንት ጨርሰን ቆመናል። በሩ አለ። ነገር ግን በሩ የሚከፈተው በወር በዓመት ነው፤ ጋዜጣው የሚወጣው በየጧቱ ነው። እኛ በዴሞክራሲ ውስጥ የኃይል ተቃውሞ ይገባል አይገባም እያልን ስንነታረክ የምንቆጥረው በሩ መኖሩን ብቻ ነው፤ ለማን ቅርብ እንደሆነ፣ ማንን ስንት ቀን ደጅ እንደሚያስጠና አንቆጥርም። መጽሐፉ ውስጥ ሽትሮይብለደር የሚባል ባለጸጋ አለ፤ ካታሪናን ሲያሳድድ የኖረው እሱ ነው። የዚህ ሰው ስም ከጋዜጣው እንዲወጣ፣ በምትኩም የጠበቃው የብሎርና እንዲገባ የሚያደርገው የአንድ ወዳጁ ስልክ ነው። አንድ ስልክ! ካታሪና ክስ መሥርታ ቀጠሮ እስኪደርሳት እናቷ ተቀብራለች።

ታዲያ መተኮሷ ትክክል ነው? አይደለም እንላለን፤ ግን «ፈጽሞ፣ መቼም ቢሆን» ብለን አንምልም። ያው የጀርመኖች መሠረታዊ ሕግ ራሱ አይምልም። በ1968 የአስቸኳይ ጊዜ ድንጋጌዎቹ ሲጸድቁ በ20ኛው አንቀጽ ላይ አንድ ንዑስ አንቀጽ ተጨምሯል፤ ሕገ መንግሥታዊውን ሥርዓት ለማፍረስ የሚነሣን ማንኛውንም ሰው፣ ሌላ መፍትሔ የጠፋ እንደሆነ፣ ጀርመኖች ሁሉ የመቋቋም መብት አላቸው ይላል። መንገዱ እጅግ ጠባብ ነው። ካታሪና በዚያ አታልፍም፤ የሃምቡርጉ ቦምብማ ጨርሶ። በክርክራችን ላይ አንዳንዶቻችን በ1912 የለንደንን የሱቅ መስኮት የሰባበሩትን የእንግሊዝ ሴቶች ምሳሌ አድርገን ነበር። ምሳሌው አይሆንም፤ እነሱ ድምፅ መስጠት የተከለከሉ ነበሩ፤ ያ አገር ለነሱ ገና ዴሞክራሲ አልሆነም።

ቦልን የምንወቅሰው ደግሞ በዚህ በኩል ነው። ቴትገስን ከመጠን በላይ አስቀያሚ አድርጎታል። እሑድ ዕለት ገና ከደጅ ገብቶ ሳይቀመጥ በብልግና አብረን እንተኛ ይላታል፤ ያን ጊዜ ትተኩሳለች፤ እኛም እናጨበጭባለን። ሰውየው ትሑት ቢሆንስ? ባርኔጣውን አውልቆ፣ በእናትሽ ሞት አዝኛለሁ ብሎ፣ የልጆቹን ፎቶግራፍ ከኪሱ ቢያወጣስ? የጻፈው ጽሑፍ ያው ነው፤ የተገደለውም ክብር ያው ነው። ጭብጨባው ግን ይቀር ነበር። እንግዲያው ያጨበጨብነው ለፍትሕ ሳይሆን ለብልግናው ቅጣት ነው ማለት ነው፤ ደራሲው ነገሩን ያቀለለው ለካታሪና ሳይሆን ለኛ ነው። ሽጉጡን ያዘጋጀችው ሰውየው አፉን ከመክፈቱ በፊት መሆኑንም በጩኸታችን ውስጥ ረስተነው ነበር። ቦል ራሱ በኋላ ዘመን መጽሐፉ በታሪክ መልክ የተጻፈ የትግል ጽሑፍ መሆኑን አልሸሸገም። በትግል ጽሑፍ መጥፎ ሰው ጥፍሩ ድረስ መጥፎ ነው። በጥሩ ልቦለድ ግን እንዲህ መሆን አልነበረበትም።

ደግሞስ ተኩሱ ተቃውሞ ነው ወይ? ተቃውሞ የሚጠይቀው ነገር አለው፤ ወደ ራሱ የሚጠራው ሰው አለው። ካታሪና ምንም አልጠየቀችም፤ ማንንም አልጠራችም። ከገደለችው በኋላ ጸጸት ፍለጋ ከተማውን ስትዞር ትውላለች፤ አታገኘውም። አመሻሽ ላይ መዲንግ የተባለውን ፖሊስ ቤት አንኳኩታ እጇን ትሰጣለች። ይህ የብቸኛ ሰው ሥራ ነው። እናዝንላታለን፣ ምናልባትም እንወዳታለን፤ ባንዲራ አድርጎ መሸከም ግን ሌላ ነገር ነው።

ባንዲራ ፈላጊ ካለ ከኦኔዞርግ መገደል በኋላ ያለውን በጋ ይመልከት። ተማሪዎቹና ወዳጆቻቸው ምስክር አሰባሰቡ፣ ፎቶግራፍ ለቀሙ፣ የፖሊስን መግለጫ ቃል በቃል አፈረሱ። የፖሊሱ አዛዥ ከሥራው ተነሣ፤ ከንቲባው ሃይንሪኽ አልበርትስ በሴፕቴምበር 1967 ሥልጣኑን ለቀቀ፣ መሳሳቱንም አመነ። አራት ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ! ይህ በድንጋይ የተገኘ አልነበረም። በፋሲካው ሰሞን መንገድ ላይ ተቀምጠው የጋዜጣውን መኪና ያገዱትንም እንደግፋለን፤ ሕግ ቢጥሱም ዋጋውን የከፈሉት በገዛ ገላቸው ነው። እሳቱ ላይ ስንደርስ ግን እንለያያለን። እሳትና ድንጋይ አድራሻ አያነቡም፤ የሙኒኩ ፎቶግራፍ አንሺ ምን አደረገ?

«ኩራስ ግን ሁለት ጊዜ ነፃ ወጣ» የሚለን አይጠፋም። ልክ ነው፤ ይህን ስንጽፍ ብዕራችን ይይዘናል። ለሟቹ ተማሪ በሩ አልተከፈተም፤ ይህን የሚያካክስ መልስ የለንም። የምናውቀው አንድ ነገር አለ። በ2009 ከተገኘ መዝገብ ኩራስ የምሥራቅ ጀርመን የስለላ ድርጅት፣ የሽታዚ፣ ምስጢራዊ ሠራተኛ እንደነበር ታወቀ። እንዲተኩስ ታዝዞ ነበር የሚል ማስረጃ አልተገኘም። ቢሆንም የስንቱ ወጣት ሕይወት ያችን ጥይት የመንግሥቱ እውነተኛ ፊት ናት ብሎ በማንበብ ተለወጠ፤ ቀኗን ስሙ ያደረገ የታጠቀ ቡድን እንኳ ነበር። ቀይ ጦር በ1977 የአሠሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት የነበሩትን ሃንስ ማርቲን ሽላየርን ጠልፎ ገደለ፤ በጠለፋው ሰዓት ሾፌራቸውና ሦስት ፖሊሶች ተገድለዋል። ቡድኑ በ1998 ራሱን አፈረሰ። «ቢልድ» ዛሬም ይታተማል።

ስለ ፊልሙ አንድ ነገር ሳንል አናልፍም። ፎልከር ሽሎንዶርፍና ማርጋሬተ ፎን ትሮታ በ1975 በሠሩት ፊልም መጨረሻ ላይ መጽሐፉ ውስጥ የሌለ የቴትገስ ቀብር ተጨምሯል። አበባው ተከምሮ፣ ጥቁር የለበሱ ሰዎች ተሰብስበው ስለ ፕሬስ ነፃነት ንግግር ይደረጋል። ቴትገስ ሰማዕት ሆኗል። እኛ ይህን መጨረሻ ከመጽሐፉ አብልጠን ወደድነው፤ ሰው ከዚህ ወዲያ ለማጨብጨብ እጁ አይነሣም።

መጽሐፉም ቢሆን ዝም አላለም፤ ያኔ ቸኩለን ያለፍነውን ገጽ ተመልሰን አነበብነው። ዘጋቢው በተገደለ ጊዜ ጋዜጣው ርእሱን አግዝፎ፣ ልዩ እትም ጨምሮ ወጣ ይላል። የታሪክ ተማሪዋን ይቅርታ እንጠይቃለን።

በሚቀጥለው ስብሰባ የአልበር ካሙን «ፍትሐውያን» የተባለውን የ1949 ተውኔት እናነባለን። በ1905 ሞስኮ ውስጥ በሩሲያው መስፍን ላይ ቦምብ ሊወረውር የወጣው ወጣት፣ በሠረገላው ውስጥ ሕፃናት በማየቱ እጁን ያጠፈበት ታሪክ ነው። ያሉን ሁለት ቅጂዎች ብቻ ስለሆኑ ተራ ያዙ።